የማንከፍለውንም ጻፍኩት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የኢንሹራንስ ወኪል ቢሮ ስቀጠር ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነበር። በኋላ አለቃዬ ደንበኛ የሚስብ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ እንዳወጣ አዘዙኝ። የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ ለአማቴ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያልገባቸው አይወጣም።

ስለ ቤት ዋስትና የጻፍኩትን ሳነብላቸው፣ ልጄን አዝለው እያባበሉ፣ «ጎርፍ ቢገባስ?» አሉኝ።

«ለብቻው ካልተዋዋሉ አይከፈልም።»

«ታዲያ ጽሑፉ ላይ የታለ? ሰው ልትሸውጂ ነው?»

አፈርኩ። እሱኑ ከጽሑፉ አናት ላይ ጻፍኩና አወጣሁት።

በማግስቱ የአለቃዬ ፊት ጠቁሯል። «ደንበኛ ጥሪ አልኩሽ ወይስ አባሪ? አሁኑኑ አጥፊው።»

«አላጠፋም። ቤቱ ጎርፍ የገባበት ሰው ሲደውል ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ከፈለጉ ያባርሩኝ እንጂ በእጄ አልነካውም።»

«ይኼ ጽሑፍ እስከ ዓርብ አንድ ደንበኛ ካላመጣ አንቺም ጽሑፍሽም ትሄዳላችሁ» አሉ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ልብስ ሰፊ ስልኳን እያሳየች ገባች። «ለጎርፍ አንከፍልም ያለችው የትኛዋ ናት? እሷ ታዋውለኝ። ጎርፉንም ትጨምርልኝ።»

አለቃዬ ቀና ሳይሉ በእስክሪብቶአቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ወንበር ሳብኩላት።

ጽሑፉ ዛሬም እዚያው አለ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈውንም ሁሉ የምጀምረው ከማንከፍለው ነው።