አምሳል ያጠበቻት ድስት

አምሳል ደረቅ ሸክላ አይታ ማለፍ የማይሆንላት ልጅ ናት። ምን ታድርግ? ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ሲረገጥ እየሰማች ነው ያደገችው። እናቷ እናኑ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ጎረቤቶቿ ሩዝ ሲዘሩ እሷ አፈር ትመርጣለች። ድስት ገዝታ የሄደች ሴት ተመልሳ "አፈሰሰብኝ" ካለቻት፣ እናኑ ድስቱን እንኳ ሳታይ "አላሟሸሽውማ" ትላለች። በዚያ ቤት በደንብ ሳይታጠብ፣ ውሃ ሳይፈላበት፣ ቅባት ሳይጠጣ ወጥ የሚሠራበት ዕቃ ነውር ነው። አምሳል ይህን የተማረችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቅርስ አያያዝ ስታጠና ታዲያ ሌላ ሕግ ገጠማት። ለክረምቱ የተግባር ልምምድ የተመደበችው እዚያው ወረታ፣ ሁለት ክፍል በሆነች የቅርስ ማቆያ ቤት ነበር። የቤቱ ኃላፊ ጋሽ ደስታው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከገበሬውም ከካህኑም ለምነው የሰበሰቡትን ዕቃ፣ ሞፈሩንም፣ የሸማኔ መወርወሪያውንም፣ የብራና መጽሐፉንም እንደ ልጅ ይሳሱለታል። በመጀመሪያው ቀን ብሩሽና ጓንት ሰጧትና፣

"አቧራ ታራግፊያለሽ። አትጠቢ፣ አትቀቢ፣ አትጠግኚ። ሰው የተጠቀመበትን ምልክት ነው የምንጠብቀው" አሏት።

"እሺ ጋሼ" አለች። ከልቧ ነበር።

እውነት ለመናገር ጎበዝ ሠራተኛ ወጣት። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር በመሰለበት ሰሞን፣ እርጥበቱ ብራናውን እንዳያሻግተው መደርደሪያውን ከግድግዳ አራቀች፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል መስኮት ስትከፍት፣ ዝናብ ሲመጣ ስትዘጋ ትውላለች። ጋሽ ደስታው ለመጣው ሰው ሁሉ "የሸክላ ሠሪዋ የእናኑ ልጅ እኮ ናት" እያሉ ይኩራሩባት ጀመር። በልጅነቷ "የሸክላ ሠሪ ልጅ" ሲሏት ስድብ ነበር፤ በእሳቸው አፍ ግን ማዕረግ ሆነ። ወደደቻቸው፤ ምን ይደበቃል።

ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ፍቅር ነው። አንድ ቀን ጋሽ ደስታው ለቅሶ ለመድረስ ሐሙሲት ሄዱ። አምሳል ታችኛውን መደርደሪያ ስታራግፍ ከመሶብ ጀርባ አንዲት ድስት አገኘች። ቁጥር አልተለጠፈባትም። ቂጧ ጥላሸት ለብሷል፣ አፏ ደርቆ ነጥቷል። አንጀቷን በላቻት። ብሩሹን መቼ እንዳስቀመጠች፣ ጓንቷን መቼ እንዳወለቀች አታውቀውም። በአመድና በጭድ ፈግፍጋ አጠበቻት፤ ከዘበኛው ምድጃ ላይ ጥዳ ውሃ አፈላችባት። እንፋሎቱ ሲወጣ የተነጠረ ቅቤና የኮሰረት ሽታ ሸተታት፤ "ይቺስ የባለሙያ ድስት ነበረች" ብላ ደስ አላት። ውሃውን አፍስሳ መስኮት ላይ አስቀመጠቻት። ጋሽ ደስታው ሲመጡ አይተው ይመርቋታል።

ሲመጡ ግን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ድስቷ ፊት ቆሙ። ቂጧን በመዳፋቸው ዳበሱ።

"ጥላሸቱስ?"

"አጠብኩት ጋሼ። ደርቃ ነበርና ላሟሻት ብዬ..."

"የእናቴ ናት" አሉ። "እናቴ ወለተ ሐና ስትሞት ከምድጃዋ ላይ ያነሳኋት ናት። ያ ጥላሸት የእሷ እሳት ነበር። ከዚች ድስት ሌላ ከእሷ የቀረኝ የለም።" አልጮኹም። "ወደ ቤትሽ ሂጂ" ብቻ አሏት።

እናኑ የሆነውን ስትሰማ እጇ ጭቃ እንደሆነ ቁጭ አለች።

"ምን ነካሽ፣ አንች? የሰውየውን እናት እኮ ነው ያጠብሽ።"

አምሳል አለቀሰች። ልምምዱ ቢበላሽም ይበላሽ፤ የጋሽ ደስታው ፊት ነው ከዓይኗ አልጠፋ ያላት። ሰውየውን በገዛ እጇ ዳግመኛ እናት አልባ አደረገቻቸው። የሄደ ጥላሸት ከየት ይመጣል? እናቷ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ጭቃውን ስታሽ እያየች ሳለ ግን ያ የኮሰረት ሽታ ትዝ አላት። ጥላሸቱ የላይ ነው፤ ቅቤው ሸክላው ውስጥ ዘልቋል፤ አመድ አያወጣውም።

በማግስቱ በዚያ ጭቃ መንገድ ተመልሳ ሄደች። ጋሽ ደስታው በር ላይ ድስቷን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"ለምን መጣሽ?"

"አንድ ጊዜ ላሙቃት ጋሼ። ከዚያ ያባርሩኝ።"

ድስቷን ከእጃቸው ስትወስድ አልከለከሏትም። ጥቂት ውሃ አድርጋ ምድጃው ላይ ጣደቻት። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር የቅቤውና የኮሰረቱ ሽታ ጋሽ ደስታው ዘንድ ደረሰ። ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ። እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሲሸፍነው አወለቁት። ያን ሁሉ ዓመት አቧራ እንዳይነካት ሲጠብቋት አንድም ቀን እሳት አሳይተዋት አያውቁም ነበር።

"ኮሰረት ታበዛ ነበር" አሉ። "አባቴ ሁልጊዜ ይቆጣት ነበር።" እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም።



"ክዳን ፈልጊና ክደኛት፣ ልጄ" አሏት። "እንዳታልቅብኝ።"