በታደለች ላይ ያላከክኩት ፍሳሽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም። ለልጄ ለሃናም፣ በእሷ ምክንያት የመጣ እንዳይመስላት ብዬ፣ አልተናገርኩም። በእኛ በጴንጤዎቹ ዘንድ የንስሐ አባት የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናዘዛል። እኔም ለእሱ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ለእሱ መንገር ግን አይከብድም፤ ቀድሞ የሚያውቀውን ነው የምነግረው። የሚከብደው ለማያውቅ ሰው መንገር ነው። ስለዚህ ለእናንተ እነግራለሁ።

የምኖረው ለቡ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከእኔ በታች፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ታደለች ተከራይታ ትኖር ነበር። ከወላይታ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሳሎኗ ውስጥ የሰው ፀጉር ታጥባለች፣ ትሠራለች፤ እንጀራዋ እሱ ነበር። የምንሄደው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ረቡዕ ረቡዕ አንዴ እሷ ቤት፣ አንዴ እኔ ቤት ተሰብስበን እንጸልይ ነበር። ከእሷ በታች ግራውንዱ ላይ ጋሽ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይኖራሉ። ጋሽ መኮንን የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የያዛቸው ሰው ናቸው። የሦስታችንም መታጠቢያ ቤት አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ነው። ፍሳሻችን የሚወርደው በአንድ ቱቦ ነው።

ለሃና ሽማግሌ ሊመጣ ሆነ። እንግዳ እጁን የሚታጠብበት ቦታ እንዲህ ተሰነጣጥቆ አይሆንም ብዬ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ አስቀየርኩ። ሠራተኛው በሴራሚኩ መገጣጠሚያ የሚገባውን ነጭ ስሚንቶ በባልዲ በጥብጦ ሠራበትና የተረፈውን ጥግ አስቀመጠው።

«ይሄን ከምሳ ስመለስ እኔ አወርደዋለሁ» አለኝ። «መውረጃው ውስጥ እንዳይደፉት እሺ፤ ገብቶ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

እሺ አልኩት። ሰውዬው ዘገየ። እንግዶቹ ሊደርሱ ነው፣ ቤቱ አልተወለወለም፣ ባልዲው ተገትሮ ያየኛል። ደፋሁት። በላዩ ብዙ ውሃ ለቀቅኩበትና ወለሉን ወለወልኩ። ሳላውቅ ነው እንዳልል ተነግሮኛል። ረስቼው ነው እንዳልል፣ ስደፋው ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነበር። አውቄ ደፋሁት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ነገሩ በደስታ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሻወር ስንወስድ ውሃው እግራችን ላይ መቆም ጀመረ። የሽቦ ጫፍ አጥፌ ፀጉር ጎትቼ አወጣሁ። የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ቤኪንግ ፓውደርና አቼቶ አደረግኩበት፤ አረፋ ሰርቶ ዝም አለ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን የታጠፈ ቱቦ፣ ሲፎኑን፣ ፈትቼ አጠብኩና መልሼ ገጠምኩ። እሱ ንጹሕ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የእጅ መታጠቢያውም መቆም ጀመረ፤ ሽንት ቤቱም ውሃ ሲለቀቅበት ከውስጥ ያጉረመርም ነበር።

ባለቤቴ ሰማና «አንድ መውረጃ ብቻ ሲሆን እኛው እንሞክራለን። ሁሉም አብሮ ከቆመ ነገሩ ታች ነው፤ በቃ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ» አለኝ።

እጠራለሁ አልኩት፤ አልጠራሁም። ቱቦው ተከፍቶ ነጩ ስሚንቶ ሲወጣ ታየኝ። የብሎኩ ኮሚቴ ሲጠራኝ፣ ጎረቤት ሲያወራኝ ታየኝ። ሰውዬው ቀድሞ ነግሮኝ እንደነበር ለባለቤቴ መናገርም አፈርኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እፍረት ብቻ ነው። ለዚህች እፍረት ሌላ ሰው ስንት ነገር እንደከፈለ ስታዩ ትፈርዱብኛላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እጀታ ያለውን ጎማ መውረጃው ላይ ገጥሜ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ደጋግሜ ገፋሁት። ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ በእጄ ተሰማኝ፤ ውሃው ግልብጥ ብሎ ወረደ። ጌታ ሆይ ተመስገን አልኩ። ጎማውን እንደያዝኩ አመሰገንኩ። የተላቀቀው ነገር ወዴት እንደሄደ ራሴን አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከፈትኩና የተከማቸውን ልብስ ሁሉ አጠብኩ።

እትዬ አስካለ ገበያ ወጥተው ነበር። የእኔ ውሃ፣ የታደለች ውሃ፣ ከእኛ በላይ ያሉት ሰዎች ውሃ በጋሽ መኮንን ሽንት ቤት ገንፍሎ ወጣ። ኮሪደሩን ሞላ፣ መኝታ ቤት ገባ። ጋሽ መኮንን ሽታው ሲመጣባቸው፣ ውሃው ሲደርስባቸው፣ ልነሳ ብለው በአንድ እጃቸው አልጋውን ያዙ፤ እግራቸው አዳለጣቸውና ወደቁ። ባለቤታቸው እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ውስጥ ተኝተው ነበር።

በእትዬ አስካለ ጩኸት ወረድን። ቀድመን የደረስነው እኔና ታደለች ነን። ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። «ሴቶቹን አስወጡልኝ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ታደለች ግን አልወጣችም። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ከኋላ ከደረሱት ወንዶች ጋር አንስታ አወጣቻቸው፣ በራሷ ፎጣ አጠበቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የወገብ አጥንታቸው ተሰብሯል ተባለ።

ከሰዓት በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ መጣና ግራውንዱ ላይ ቱቦውን ከፈተው። መጀመሪያ የወጣው ፀጉር ነው፤ የተድቦለቦለ፣ እንደ ገመድ የተጎተተ ፀጉር። የስንት ዓመት፣ የስንታችን ቤት እንደሆነ ማን ያውቃል? የእኔም የሃናም አለበት። ግን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታደለች በር አየ። እትዬ አስካለ «ፀጉር ቤት አደረገችው እኮ» አሉ፤ ሰዎቹም እያጉረመረሙ ወደ ደረጃው ሄዱ። የኮሚቴው ሊቀመንበር እኔን ከሠራተኛው ጋር ትቶኝ ተከተላቸው።

ሠራተኛው እጁን እንደገና ሰደደና ታገለ። ነጭ ነገር አወጣ። የቱቦውን ቅርጽ ይዞ የደረቀ፣ በአንድ ጎኑ የተሰበረ ስሚንቶ።

«ፀጉሩ ብቻውን ቢሆን ውሃ ያሳልፍ ነበር» አለኝ። «የዘጋው ይሄ ነው። በቅርብ ሴራሚክ ያሠራ ሰው አለ እንዴ?»

ያን ጊዜ እኔ ነኝ ብል ኖሮ ሁሉም እዚያው ያበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። «ሕንፃው ሲሠራ የቀረ ይሆናላ» አልኩት። አየኝ፤ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ከፍርስራሹ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ጣለው። ማዳበሪያውን ራሴ ወስጄ ቆሻሻ መጣያው ጋ አደረስኩት። እንዲያውም አመሰገነኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የብሎኩ ነዋሪ ተሰበሰበ። የታደለች አከራይም መጥቶ ነበር። አንዱ ሰው ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ አብረሻት ነው የምትጸልዪው፤ እስኪ ያየሽውን ተናገሪ» አለኝ። ታደለችም አየችኝ። የምትተማመንብኝ ዓይን ነበር። «ፀጉሩ ሲወጣ አይቻለሁ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ከዚያ የበለጠ ውሸት ግን በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ታደለች አንገቷን ደፋች። አከራዩ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ነገራት።

መካኒሳ አቦ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘች። ቧንቧው የጋራ ስለነበር ፀጉር ማጠብ ተከለከለች፤ ደንበኞቿም ከለቡ እዚያ ድረስ አልተከተሏትም። ትልቋ ልጅ ትምህርቷን ትታ ካፌ ገባች። ይህን ሁሉ የምሰማው ረቡዕ ረቡዕ ነበር፤ ስለ እህታችን ታደለች እንጸልይ እየተባለ። እኔም እጄን ዘርግቼ እጸልይላት ነበር።

ጋሽ መኮንን ከአልጋ አልተነሱም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ታደለች ለቅሶ መጣች። እትዬ አስካለ ፊታቸውን አዞሩባት፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰውም አልነበረም። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና እኔን ፍለጋ ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ላይ አገኘችኝ።

«እህቴ» አለችኝ፣ «የአንቺንም ቤት ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። ውሃው እየቆመ ስትቸገሪ አንድ ቀን እንኳ አልተናገርሽኝም። ይቅር በይኝ።»

እሷ ቀጠለች።

«መውረጃዬ ላይ ወንፊት ነበረኝ። ፀጉሩን ማታ ማታ ሰብስቤ በፌስታል ነበር የምጥለው። እንዴት እንዳለፈ ሳስብ፣ ሳስብ፣ ትንሿ ልጄ ስትጫወት ወንፊቱን አንስታው ነው አልኩ። እሷ ናት። አላነሳሁም ብላ ካደችኝ። እስክታምን ድረስ ገረፍኳት። አሁን ጋሽ መኮንንን እኔ ነኝ የገደልኳቸው እያለች እንቅልፍ የላትም።»

እዚህ ላይ ምን እንዳደረግኩ ስሙኝ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩና «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። ጌታም ይቅር ብሎሻል አልኳት። አቅፌ አብሬያት አለቀስኩ። እሷ የእኔን እጅ ስማ ወረደች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ልነግራት ወስኜ መካኒሳ አቦ ሄጃለሁ። የግቢው ባለቤት «ልጆቿን ይዛ አገሯ ገባች» አሉኝ። ሶዶ ይሁን ገጠር አያውቁም። ስልኳም አይሠራም። ያኔ አዘንኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እፎይ ነው ያልኩት። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ እፎይ አልኩ።

እትዬ አስካለ ዛሬም ግራውንዱ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የበዓል ድፎ እወስድላቸዋለሁ፤ «እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ለሁሉም ይስጠው» ብለው ይመርቁኛል። ታደለችን ግን ስሟን ሲያነሱ «እግዚአብሔር ይይላት» ይላሉ። ዛሬ ጠዋትም ደህና አደሩ ብያቸው አልፌያለሁ። መናገር እችል ነበር። ነገም እችላለሁ። እንደማልናገር ግን አውቃለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁና።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ እኔኑ ይቅርታ ለምና ሄዳለች፣ እኔም ሰጥቻታለሁ። ትንሿ ልጅ አሁን አድጋለች። የትም ትሁን የት፣ በእኔ ምክንያት ሽማግሌ ሰው ሞተ ብላ እያሰበች ነው ያደገችው። እውነቱን ተናግራ ነው የተገረፈችው። ይህን በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አልነገርኳትም።