ሄጄ የማላውቀው እርሻ

እኔ ወሬ ስጀምር ሰው መኮትኮቻውን ጥሎ ነው የሚሰማኝ። ጉራ አይደለም፣ እዚህ ሱዳን ባሱንዳ አካባቢ በሰሊጥ አረም የዋለ ሳሉግ፣ የወቅት ሠራተኛ ሁሉ ይመስክር። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ። አፌን ግን ማንም አላስተማረኝም። ፖርት ሱዳን ባሕሩ ዳር ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ፣ ከሰላ ተራራው ሥር ያለው ውሃ እንዴት ጥርስ እንደሚቆርጥ፣ ያየሁት ያህል አወራዋለሁ። ከባሱንዳ ሌላ እግሬ የረገጠው ግን መተማን፣ ዶካንና ገዳሪፍ ገበያን ብቻ ነው። የቀረውን ከሎሪ ረዳቶች ነው የለቀምኩት፤ ረዳቱ ያላለውን ደግሞ ራሴ እጨምርበታለሁ። ጨው የሌለው ወጥ ማን ይበላል።

በእኛ ካምፕ አንድ ልማድ አለ። ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው፣ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን። አገር ቤት እያለን በዝናቡ እንጠመቅ ነበር። እዚህ ጠበሉም ደብሩም ሩቅ ስለሆነ ዝናቡን አጥብቀን ያዝነው። ልብሳችንን አውልቀን፣ ጥቁሩ ጭቃ ላይ ቆመን፣ ውሃው እየወረደብን እያንዳንዱ የመጪውን ዓመት መንገዱን ይጠራል። ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄድ ማለት ነው። አንዱ ከሰላ ይላል፣ አንዱ ገዳሪፍ ከተማ ምግብ ቤት እገባለሁ ይላል፣ አንዱ አገሬ ገብቼ ሚስት አገባለሁ ይላል። ካርቱምን ጦርነቱ ከገባ ወዲህ የሚጠራት የለም። ሰማይ ክፍት ነውና አንዴ የጠራኸውን መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ሰው ሳምንት ሙሉ ሲያማርጥ ይከርማል፤ ሙሽራ ለሰርጓ ቀሚስ እንደዚያ አታማርጥም።

አንድ የቀበሌዬ ልጅ ነበረኝ። እኔ በአንድ ዓመት ቀድሜው ነው ሱዳን የገባሁት፣ እሱ ተከትሎኝ መጣ። ዝምተኛ ነው። እኔ ለሁለታችን አወራለሁ፣ እሱ ለሁለታችን ይሠራል። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ በየተራ ወደ ሊቢያ ወጥተው ነበር። የመጀመሪያው ከበረሃው መግቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። ሁለተኛው እሱን ልፈልግ ብሎ ሄደ፣ እሱም አንድ ጊዜ ደወለ። በቃ። ለእናታቸው የቀረው ሦስተኛው ይሄ ነው።

የሩፋኤል ጠዋት ሻይ እየጠጣን "ዛሬ የወንድሞቼን መንገድ ነው የምጠራ" አለኝ።

"ቀልድ ተማርክ እንዴ?"

"ቀልድ ያንተ ነው" አለና ሻዩን ጨረሰ።

ዝናቡ ቀን ላይ መጣ። ወጥተን ቆምን። አብሳያችን፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ እንደ ልማዱ መሐል ቆመው ተራ ይሰጣሉ። የልጁ ተራ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ወደ እሱ ተጠጋሁ። ሊቢያን አንዴ ከጠራት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እሱ እንደኔ ተናግሮ የሚረሳ ሰው አይደለም። ተራው ደርሶ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"አንተ ሞኝ፣ ከኒው ሀልፋ ወዲያ ያለውን እርሻ ሳታይ የት ልትሄድ ነው?"

"የምን እርሻ?"

"እኔ የሠራሁበት ነዋ፣ አንተ ሳትመጣ።"

"ነግረኸኝ አታውቅም።"

"ጥሩ ነገር ለሰው ይነገራል?"

ሰው ሳቀ። ሰው ከሳቀ ደግሞ እኔን የሚያቆመኝ የለም። ቦዩን ይዘህ ትሄዳለህ አልኩት፣ የሸንኮራው እርሻ ሲያልቅ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ታያለህ፣ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ለምለም። ነጭ አህያ አለች፣ ነጂ የላትም፣ ብቻዋን ቦይ ወርዳ ውሃ ይዛ ትመለሳለች። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ የማንንም ስም አይጠይቅም። ከሻ የሚባል አያውቁም፣ ፖሊስ ሰው ለማፈስ እዚያ ደርሶ አያውቅም። አልጋው ሁልጊዜ ከሠራተኛው በአንድ ይበልጣል።

"አንዱ ለማን ነው?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ለሚመጣው" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፣ አፌ ላይ መጣ።

ልጁ ውሃው በፊቱ እየወረደ ትክ ብሎ አየኝ። "ጥሩ ነው ቦታው?"

"አንዴ ከገባህ መውጣት አትፈልግም።"

"እንግዲያው እዚያ ነው የምሄድ" አለ። አያ ራሳቸውን ነቅንቀው ተራውን ለሚቀጥለው ሰጡ።

እኔ በራሴ ኮራሁ። ኒው ሀልፋ እዚሁ ምሥራቅ ሱዳን ናት፤ ይደርሳል፣ እርሻውን ያጣዋል፣ ሸንኮራው ውስጥ ሥራ ያገኛል፣ ደውሎ ይሰድበኛል፣ ግን በሕይወት ይኖራል። ከእኔ ሌላ ይሄን ማን ያስባል።

ኅዳር ላይ ሰሊጡ ተራግፎ ሁሉም ተበተነ። እሱ ሄደ፣ እኔ ዶካ ቀርቼ ሎሪ ላይ ጆንያ መጫን ያዝኩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አገኘሁት" አለኝ።

"ምኑን?"

"እርሻውን።"

ሳቅሁ። የልቤን አውቆ ሊሸውደኝ ነው ብዬ ነበር። "እሺ፣ ኒሙስ?"

"ግማሹ ደርቋል። በምሥራቅ በኩል ያለው ነው የደረቀ፣ እሱን አልነገርከኝም ነበር። አህያይቱ አሁን ከቦይ እየወጣች ነው።"

በስልኩ ውስጥ ጀሪካን ከጀሪካን ሲጋጭ ሰማሁ። ቀስ እያለ እየቀረበ መጣና አጠገቡ ሲደርስ ዝም አለ።

"ነጂዋ ማነው?" አልኩ።

"ነጂ የላትም ብለኸኝ የለ?"

ጫንቃዬ ላይ የነበረውን ጆንያ አወረድኩት። "ሽማግሌውስ?"

"ስሜን አልጠየቀኝም። 'የነገረህ ልጅስ መቼ ይመጣል?' ብቻ ነው ያለኝ። እኛ ስምንት ነን፣ አልጋው ዘጠኝ ነው። ትርፉ ላይ ልተኛ ብል ከለከሉኝ። ባለቤት አለው አሉ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች፣ እኔ ግን ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ቆሞ ነበር። ሰው እንዳያየኝ እጅጌዬን ወደ ታች ጎተትኩት።

አያም ያኔ ዶካ ነበሩ፣ ለጫኞች ያበስሉ ነበር። ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ድስት እያጠቡ ነው የሰሙኝ።

"ሄደህ አታውቅም?"

"አላውቅም አያ። ፈጥሬው ነው።"

"በሩፋኤል ነው የዋሸህ?"

"አዎ።"

"ሰማይ ተከፍቶ?"

"ዘንቦ ነበር እንግዲህ።"

እጃቸው ድስቱ ውስጥ ቆመ። "ሌላስ ምን አልከው? ሁሉንም አምጣው።"

አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። መጨረሻ ላይ አንዴ ከገባህ መውጣት አትፈልግም ያልኩትን ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። የኒሙና የአህያዋ ምንም አይደል፤ ይቺም ከሠራች ግን ልጁ አለቀለት።

"እንግዲህ በአፍህ ያስገባኸውን በአፍህ አውጣው" አሉና ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

በየሳምንቱ ይደውል ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለ እናቱ ይጠይቀኛል፣ አገር ቤት የደወለ ሰው አለ ወይ ይለኛል። ኋላ እሱን ተወው። ድምፁ ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም ደስ ብሎታል፣ ግን አነጋገሩ እየዘገየ መጣ። ምን ሠራህ ስለው ውሃ ጠጣን ይለኛል። ትናንትስ ስለው ውሃ ጠጣን። ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው አሰበ አሰበና "አንተ አልነገርከኝማ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እዚያ ምን እንደሚሠራ እኔ ያኔ ማሰብ ረስቼ ነበር።

በዚያች ቀን ጨከንኩ።

"ስማኝ" አልኩት፣ "እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም። እርሻም አልሠራሁ፣ ኒው ሀልፋንም አላየሁ። ሊቢያ እንዳትሄድ ብዬ የፈጠርኩት ነው።"

ከልጁ ኋላ ምንም ድምፅ የለም፣ ወፍ እንኳ የለም።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ገና ስትናገር። አንተን አላውቅህም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ሄድክ?"

"አንድ ሰው አትሂድ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ያው በዚያ ውሸትህ ነው ያልከኝ።"

"በል ውጣ ከዚያ" አልኩት።

"ወዴት? መውጣት አልፈልግም። ክፉ ነገር የለም እኮ።" ከዚያ፣ "አንተ ምረጥልኝ" አለ። "የመጪውን ዓመት ቦታ ንገረኝ። አንተ ካልክ እሄዳለሁ።"

በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስመኝ ነው የኖርኩት። ፖርት ሱዳንን ልጠራ ስል ባሕሩን አየሁት፣ ባሕሩ ላይ ደግሞ እኔ ያላስቀመጥኩት ነገር ቆሞ ነበር። ገዳሪፍ ከተማን አሰብኩ፣ የማላውቀው በር ተከፍቶ ታየኝ። እንደ ሕፃን የማውቃትን ብቻ ያዝኩ።

"ዶካ" አልኩ።

"ዶካ ምን አለ?"

"አቧራ አለ። ረዳቶቹ ይሳደባሉ። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፣ የአያ ሽሮ ቀጭን ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"አትጨምርበትም?"

"አልጨምርም።"

"አልጋስ?"

"አልጋ የለም። ምንጣፌ ላይ ተጣብቀን ነው የምንተኛው፣ ደግሞ ታንኮራፋለህ።"

ትንሽ የሳቀ መሰለኝ። ስልኩ ተዘጋ።

ሦስት ቀን ብደውል አይነሳም። አያ ሽሮውን ይጨምሩልኛል፣ እሱም አስፈራኝ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከገዳሪፍ የመጣው አውቶቡስ ቆመ። ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ለብሶ እያሳለ ወረደ። መጨረሻ ላይ እሱ ወረደ። ወፍሯል። ልብሱ አሁን የታጠበ ይመስላል፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ አንዲት አቧራ አልነካችውም። ሄጄ ክንዱን ያዝ ያዝ አደረግሁት።

"ምን ትጨብጠኛለህ፣ በግ ልትገዛ ነው?"

"አንተ ባትሆንስ ብዬ ነው የፈራሁ" አልኩት።

አያ ጋ ወሰድኩት። አያ ቆመው አዩት፣ ግንባሩን በእጃቸው ነኩት፣ ከዚያ አቀረቡለት። ለሁለት ሰው የሚሆን በላ። ሲበላ ላብ ወጣው፣ ከጎረቤት የሎሪ አቧራም መጥቶ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰ። በመሐል ጉርሻውን ይዞ ቆመና፣

"ያልነገርከኝ አንድ ነገር ነበር እዚያ" አለኝ።

"ተወው።"

"ዘጠነኛው አልጋ ላይ..."

"ተወው አልኩህ።"

"እሺ" አለና ጎረሰ። እስካሁን አልነገረኝም። እኔ ሁሉን ካልጠየቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ ይቺን አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ ሩፋኤል ዞሮ ሲመጣ መንገዱን እሱ ነው የመረጠልን። ሀዋታ ብሏል፣ እናቱም በስልክ መርቃዋለች። እኔ ከረጢት ተሸካሚ ነኝ። ካምፑ ውስጥ ያሉት አዳዲስ ልጆች እንደ ድሮው ዙሪያዬን ተቀምጠው፣ ሀዋታ እንዴት ያለ አገር ነው፣ ውሃው እንዴት ነው፣ ሰዉ እንዴት ነው ይሉኛል። መልሱ አፌ ላይ ይመጣል፣ ደህና አድርጎ ይመጣል። እውጠውና ሄጄ አላውቅም እላቸዋለሁ። አዲስ ቀልድ ያመጣሁ መስሏቸው ይስቃሉ።