ሞጣ ላይ የቀረበልን እራት

ልጄ መክሊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ትሠራለች። በዓል ሲሆን ቢቸና ትመጣለች፤ ሥራዋም አብሯት ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ውጭ ባጃጁ ሲንጫጫ፣ በእስያ ባሕር ላይ በትልቅ መርከብ ሊንሸራሸሩ ለተነሡ ጡረተኞች ጉዞ ታሰናዳ ነበር። መርከቡ የራሱ ሰዎች አሉት አለችኝ። የእሷ ሥራ ከመርከቡ በፊትና ከመርከቡ በኋላ ያለው የየብስ ጉብኝት ነው። ሲንጋፖር ላይ የት ያድራሉ፣ ማን እየመራ ያሳያቸዋል፣ ምን ይበላሉ፣ መርከቡ ዞሮ እዚያው ሲመልሳቸውስ ወዴት ይሄዳሉ፤ ይህን ሁሉ የምታስበው እሷ ናት።

እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሲንጋፖርን በካርታ ላይ በእንጨት እየጠቆምኩ ስንቱን አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቃትም። ቢሆንም ምክር ተጠይቄ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ሳልጠየቅም ይብሳል።

«አባዬ፣ መቼም አንተ ሽማግሌ ነህ» አለችኝ። የዛሬ ልጆች አይሳቀቁም። «መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ባለው ምሽት አስጎብኚው እንግዶቹን አንድ የአገሩ ሰው ቤት ወስዶ እራት ሊያበላቸው አስቧል። ሆቴል ከመብላት አይሻልም?»

«ይሻላል» ልል አፌን ስከፍት ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜ ምን ያሳፍራል ትሉ ይሆናል። እኔም ያለቀለት ነገር መስሎኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ኮሌጅ እስክጠራ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። የእናቴ የማርያም ማኅበር በጥቅምት ወር ጣና ላይ ወዳለ አንድ ገዳም ለመሳለም ተነሣ። ገዳሙ የሚደረሰው በጀልባ ነው። ከማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ ከወንዝ የሰፋ ውኃ አይተው ስለማያውቁ ስለ ጀልባው ብቻ ሳምንታት ተወራ። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ደርሼ ተመልሻለሁ። ለዚህ ብቻ «አገር ያየ» ተብዬ መንገድ መሪ ሆንኩ። እናቴ እግሯን አሟት ቀረች፤ ልጇ መሪ በመሆኑ ግን በየቤቱ እየዞረች አወራች።

ጀልባው የባለ ጀልባው ጉዳይ ነው። የኔ ሥራ ልክ እንደ መክሊት ከጀልባው በፊትና በኋላ ያለው መንገድ ነበር። ስንሄድ ደብረ ወርቅ ላይ ተሳልመን፣ ጉንደ ወይን ምሳ በልተን፣ ሞጣ እናድራለን። ስንመለስ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይተን፣ በሞጣ በኩል ወርደን ሰባራ ድልድይን እንጎበኛለን። ለእያንዳንዱ ቦታ የምናገረውን ንግግር አጥንቼ ጨረስኩ። ያላጠናሁት ሰዎቹን ነበር።

ሞጣ የምናድረው ጋሼ መንግሥቴ ቤት ነው ብዬ ወሰንኩ። ጋሼ መንግሥቴ የአባቴ ወዳጅ፣ ከከተማው ጫፍ ሰፊ ግቢ ያላቸው ብረት ሠሪ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ገበሬ ከሩቅ ይመጣባቸው ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን፣ ዛሬም ፈጽሞ ጠፍቷል አልልም፣ ሰው ከብረት ሠሪ እጅ ማረሻውን ይቀበላል እንጂ እንጀራውን አይቀበልም ነበር። ቡዳ ናቸው እየተባለ ይታማሉ። በፊታቸው ማንም አይናገረውም፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ሁሉም አንድ ሰበብ አያጣም። አባቴ ይህን ወሬ ይጠላ ስለነበር እዚያ ቤት ይበላ ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ አብሬው በልቻለሁ። ስለዚህ ለማኅበርተኞቹ «የአባቴ ወዳጅ ቤት እናድራለን» ብቻ አልኳቸው። የሰውየውን ሥራ አልነገርኳቸውም። አጉል ሥልጣኔ ይዞኝ፣ ነገሩን ካላነሣሁት የሌለ መስሎኝ ነበር።

ለጋሼ መንግሥቴ በሾፌር መልእክት በላክሁላቸው ጊዜ፣ በዚያው ሾፌር «ጽጌ ነውና የሚጾም አለ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ ይበላል፤ ማንም ማንን አይጠይቅም። እናቴ ስለማትጾመው መነኩሴ ካልሆነ ማንም የማይጾመው ይመስለኝ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ «የሚጾም የለም» ብዬ ላክሁ።

በአንድ ሰኞ ማለዳ በተከራየናት አሮጌ አውቶቡስ ከቢቸና ወጣን። ዝናቡ ካበቃ ገና ጥቂት ጊዜው ስለነበር መንገዱ አንዴ አቧራ፣ አንዴ ጭቃ ነው። በግራ በቀኝ ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉም ማጎንበስ ጀምሯል። ሴቶቹ መዝሙር ይዘምራሉ፤ እኔ ከፊት ቆሜ ብረት ጨብጬ ታሪክ እተርካለሁ። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡት እትዬ የሻረግ ናቸው። የኛ ሰፈር ባልቴት፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። በነጠላ የተጠቀለለ አዲስ ጃንጥላ ጭናቸው ላይ አጋድመው ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ታሪኩ ደስ ይላል፤ ውሸቱን ቀነስ አድርገህ ንገረን» አሉኝ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ጉንደ ወይን ስንደርስ ከማኅበርተኞቹ አንዱ ከሆኑት ከአቶ ጌጤ ጋር ጥብስ አዘን በላን። እትዬ የሻረግ ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ቆጣቢ ሴት ናቸው ብዬ አለፍኩ።

ሞጣ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ግቢው ውስጥ ወናፉ፣ ከሰሉና የብረቱ ቁርጥራጭ ከነበረበት አልተነሣም። ሰዎቹ ይህን ሲያዩ ወሬያቸው ቀጥ አለ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወዴት ነው ያመጣን?» ስትል ሰማሁ። ጋሼ መንግሥቴ የታጠበ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ደጋግመው እንደታጠቡ ያስታውቃል፤ ጥቁሩ ግን ከጣታቸው ስንጥቅ አልለቀቀም።

«ለጥምቀት ብዬ ያቆየሁት በግ ነበር» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ይህን ያህል እንግዳ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አባትህ ቢኖር እንዴት ደስ ባለው!»

ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች እጃችንን አስታጥበው ወጡን አመጡ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ማንም ወደ ሞሰቡ አልቀረበም።

አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ጋሼ፣ አይቀየሙን፤ ጽጌ ይዘናል» አለች። እውነቷን ነበር። «እኔም» አለች ጎረቤቷ፤ እሷም እውነቷን ነበር። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ አቶ ጌጤ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔም ጾም ነኝ» አሉ። ቀን አብረን የበላነው ጥብስ ገና ከሆዳችን አልወረደም።

ጋሼ መንግሥቴ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉና «ገባኝ» አሉ። «እኔ ቤት የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ጾም ነው።»

ወይዘሮ አስናቀች ጭልፋውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ሰው መሪው እኔ ነኝ። ጾም አልያዝኩም። በግ ያሳረድኩት እኔ ነኝ። እዚያ ቤት በልቼ ያደግሁ እኔ ነኝ። እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ሰው ፈራሁት፤ ብቻዬን ብበላ ነገ አውቶቡስ ውስጥ ምን ይሉኛል ብዬ ወደ ቄጤማው አቀረቀርኩ።

ያኔ እትዬ የሻረግ ከጥግ ተነሡ። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሞሰቡ ፊት ቁጭ አሉ።

«አስናቀች፣ ይህ ወጥ እኮ በረደ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

እንጀራውን ቆርሰው ከነሥጋው ጠቅልለው ጎረሱ፤ ሳይቸኩሉ አኝከው ዋጡ። ሁለተኛውን ጠቅልለው ተነሡና «በሞቴ መንግሥቴ» ብለው ለባለቤቱ አጎረሱ። ሰውየው እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ አኘኩ፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ከዚያ እኔ እጄን ዘረጋሁ። ከኔ በኋላ የሚበሉት ቀረቡ፤ ጾመኞቹም «እኛ ሽሮ ይበቃናል» አሉ፤ ወይዘሮ አስናቀችም እየሳቁ ሽሮ ጣዱ። ከሁሉ አብዝተው የበሉት አቶ ጌጤ ናቸው።

በማግስቱ ባሕር ዳር ገብተን አደርን፤ በነጋው በጀልባ ተሻገርን። ሴቶቹ ውኃውን እያዩ ያማትባሉ፣ ይስቃሉ። እትዬ የሻረግ ብቻ ጃንጥላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ከወደቡ በቡና ዛፍ ሥር ወደ ገዳሙ ወጣን። በቅጥሩ በር ሌላው ሁሉ ሲገባ እሳቸው ቆመው ጃንጥላውን ለኔ ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ይህችን አንተ አስገባልኝ።»

«እርስዎስ እትዬ?»

«እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለልጄ ለብርቱካን ብዬ ለማርያም ተስዬ ነበር። ፅንስ አልረጋላት ብሎ ስታለቅስ ነው የምትኖር። ጽጌን አንድ ቀን ሳላጎድል ጾሜ፣ ጃንጥላ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ ብያት ነበር። ስለቱን አፍርሼ እንዴት ብዬ እገባለሁ? አገሬ ገብቼ ለንስሐ አባቴ እስክናገር ውጭ እቆማለሁ።»

«ታዲያ ለምን በሉ? ለእርስዎም ሽሮ ይሠራልዎት ነበር እኮ!»

«የሰውየውን ፊት አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«ካየህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ጃንጥላውን ይዤ ገባሁ። የተቀበሉኝ መነኩሴ የማን ስለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ የእትዬ የሻረግን ስም ተናግሬ አስረከብኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስወጣ እትዬ የሻረግ ግንባራቸውን ቅጥሩ ላይ አስደግፈው ይጸልዩ ነበር።

ስንመለስ አንድም ንግግር አላደረግሁም። ጢስ ዓባይ ላይ ሰው ሁሉ በፏፏቴው ሲደነቅ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሞጣ ስንደርስ እትዬ የሻረግ «ድልድዩ የትም አይሄድም፤ ሌላ ጊዜ አየዋለሁ። እኔን መንግሥቴ ቤት አድርሰኝ» አሉ። ሌላው ሻይ ሊጠጣ ወረደ፤ እኛ ሁለታችን ሄድን።

ጋሼ መንግሥቴ ወናፉ ጋ ተቀምጠው ማጭድ ይሠሩ ነበር። ሳይጠሩት ተመልሶ የመጣ እንግዳ ሲያዩ ተደናገጡ። ወይዘሮ አስናቀች እንቁላል ልጥበስ ብለው ተነሡ።

«ሽሮ ካለሽ ስጪኝ» አሉ እትዬ የሻረግ። «ጽጌ ይዣለሁ።»

መዶሻው ቆመ። ጋሼ መንግሥቴ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ያን ዕለትም ይዘው ነበር?»

«ያን ዕለት እንግዳ ነበርኩ።»

ሰውየው መዶሻውን አስቀመጡ። ተነሥተው ማስታጠቢያውን ከሚስታቸው እጅ ተቀብለው እትዬ የሻረግን ራሳቸው አስታጠቡ። ሽሮው ቀረበ፤ አራታችንም አንድ ላይ በላን። በዚያ ቤት «ጾም ነኝ» ያለ ሰው ያን ቀን ያለ ጥርጣሬ ታመነ።

እትዬ የሻረግ ንስሐቸውን ተቀብለው በሚቀጥለው ዓመት ጽጌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጾሙ። ብርቱካን ግን አልወለደችም። ያ እራት ምክንያቱ ነው ብዬ አላምንም። ቢሆንም ዛሬ ቢቸና ገበያ እህል የምትነግደው ብርቱካን፣ ጤፍ ስገዛ «አያሌው፣ ለእናቴ ያደረግህላትን አልረሳም፤ ገዳም አድርሰሃታል» እያለች አትረፍርፋ ትሰፍርልኛለች። እናቷ በር ላይ መቆማቸውን አልነገሯትም። እኔም ዓይኔን ጤፉ ላይ አድርጌ እቆያለሁ።

ይህን ሁሉ ለመክሊት ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ዘግታ አዳመጠችኝ።

«እራቱን ልሰርዘው?» አለች።

«አትሰርዥው። እንግዶቹ የማይበሉትን ጠይቂያቸው፤ ባለቤቱንም ማን እንደሚመጣበት ንገሪው። ከመርከቡ ሲመለሱ ደግሞ ወደዚያው ቤት መልሻቸው።»

«አንዴ አይተውት የለ?»

«መጀመሪያ ሲገቡ ይሳሳታሉ። መመለሻውን አትከልክያቸው።»

ኮምፒውተሯን መልሳ ከፈተች። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ግን ያን ማታ በልተሃል አይደል? ታዲያ ምን ያሳፍርሃል?»

«ሁለተኛ ነበርኩ» አልኳት።