እልፍነሽና የሚያመልጣት ቀን

እልፍነሽ ደራ ተወልዳ ዓለም ጤና ከተማ ያገባች ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ስትሠራ ሳቋ ከአስፋልቱ ማዶ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ሳቋ የሚቋረጠው አማቷ አዴ አበበች ከመቂ ሲመጡ ብቻ ነበር። አዴ አበበች ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ የምራታቸውን ሆድ ያያሉ። ከዚያ ይተነፍሳሉ።

"አሁንም ባዶ ነው?"

"ምነው አዴ፣ አሁን ምሳ በልቼ ነው የተነሳሁት!" ትላለች እልፍነሽ። ሲሄዱ ግን መኪናዋ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

ከተጋቡ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ባሏ መርዳሳ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ሽንኩርት ጭኖ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ስለሚመላለስ ቤቱ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። አዴ አበበች ምራታቸውን ጠበል አስጠምቀዋል፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው አስልሰዋል። አንዲት ጎረቤት ደግሞ "የሚፀነሰው የወር አበባሽ ከመጣ በአሥራ አራተኛው ቀን ነው፤ እንዳያመልጥሽ" ብላ መከረቻት። መርዳሳም ያን ቀን እየጠበቀ ከአዋሽ ድረስ እየበረረ ይመጣ ነበር። ምንም የለም።

በመጨረሻ ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ሱሃይላ የከተማውን ግማሽ ያዋለደች፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። ወረቀት ስባ ሥዕል ሣለችላቸው። መርዳሳ አንገቱን አዘመመና፣

"ሲስተር፣ የበሬ ራስ ምን ያደርግልናል?" አለ።

"በሬ አይደለም፣ የሚስትህ ማህፀን ነው! ቀንድ የመሰሉህ ቱቦዎቹ ናቸው። ጫፋቸው ጋ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እንቁላል የሚበስልባቸው ናቸው።"

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። በየወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እንቁላል በስላ ትወጣና ወደ ቱቦው ትገባለች። ማህፀኑ በበኩሉ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ውስጡን ለስላሳና ወፍራም አድርጎ ያነጥፋል። እንግዳው ካልመጣ ምንጣፉ ተልጦ ከደም ጋር ይወርዳል፤ የወር አበባ የሚባለው እሱ ነው። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። የወንዱ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ሊጠብቅ ይችላል።

"ስለዚህ ቀድሞ የመጣ ይጠብቃታል፤ የዘገየ አቧራዋን ያያል" አለ መርዳሳ።

"ገባህ! የወር አበባሽ በስንት ጊዜ ይመጣል እልፍነሽ?"

"እኔስ ከሰው እዘገያለሁ። በአምስት ሳምንት ነው።"

"በይ፣ እንቁላሏ የምትወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ያንቺ ሦስተኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ ይውላል። እናንተ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ነበር። ከማህፀንሽ የሚወጣው ፈሳሽ ጠርቶ እንደ እንቁላል ነጭ ሲያሙለጨልጭ ቀኑ ቀርቧል ማለት ነው።"

መርዳሳ ኮርኒሱን ማጥናት ጀመረ። ሱሃይላ ግን አልለቀቀችውም፤ "አንተም ትመረመራለህ" አለችው።

"እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?"

"መኪና አልነሳ ሲልህ ቁልፉን ብቻ ነው የምታየው?"

እሷም እሱም ተመረመሩ። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ምልክቱን ባየች ጠዋት እልፍነሽ ስልክ መታች። መርዳሳ ጭነት ቦታ ሸራ እየወጠረ ነበርና ስልኩን በላውድ ከፈተው።

"መርዳሳ! እንቁላሉ ደርሷል! ሳያመልጠን ቶሎ ና!"

ጫኝና አውራጁ ሁሉ ዞሮ አየው። የጭነት ደላላው ኪሩ፣ "እልፍነሽ ዶሮ እርባታ ጀመረች እንዴ?" አለ።

"አዎ… ጀምራለች" አለ መርዳሳ፣ ላቡ እየወረደ። "ብዙ ነው የሚጥሉት።"

ጭነቱን ለሌላ ሾፌር ለቆ ወደ ቤቱ ሮጠ። ወሬው ግን ቀደመው። ያን ሰሞን እንቁላል ተወዶ ነበር። ሲደርስ የሰፈር ሴቶች ሳህንና ዘንቢል ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈዋል፤ እናቴም ከመሀላቸው ነበረች።

"የምን እንቁላል?" ትላለች እልፍነሽ።

"ባልሽ ነው የተናገረው! ጎረቤት እያለን ለሆቴል ልትሰጪ ነው?"

በዚህ መሀል አዴ አበበች ከባጃጅ ወረዱ። ወሬውን መናኸሪያ ላይ ሰምተውታል። "ያ ረቢ! ልጅ ቢጠፋ ዶሮ መፈልፈል ጀመረች!" ብለው ጮኹ።

እልፍነሽ ትዕግሥቷ አለቀ። ሆዷን በእጇ መታ መታ አድርጋ፣ "እንቁላሉ የኔ ነው! እዚህ ውስጥ ነው ያለው! ነገ አይገኝም። ባሌን አሳልፉልኝ!" አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት፤ ሳህኗ ከእጇ ወደቀ። አዴ አበበች ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ቆሙ። ሲገባቸው ሴቶቹን በነጠላቸው እያባረሩ፣ "ምን ትጠብቃላችሁ! ወደየቤታችሁ!" አሉ። ልጃቸውን ገፍተው አስገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ዱካ ስበው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ኪሩ መርዳሳን ፍለጋ ሲመጣ፣ "ሥራ ላይ ነው" ብለው መለሱት።

በዚያ ወር ግን አልሆነም። የወር አበባዋ በቀኑ መጣ። ሱሃይላ፣ "ሁሉ ነገር ተስተካክሎም ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የማንም ጥፋት አይደለም" አለቻት። እልፍነሽ አልተጽናናችም። አዴ አበበች ሲመጡ ሆዷን እንዳያዩባት እጥፍጥፍ ጨርቅ ጭኗ ላይ ከምራ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ግን አጠገቧ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔም መርዳሳን ያገኘሁት ባገባሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። አማቴ መካን ብላ ስም አውጥታልኝ ነበር። እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።"

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ከእልፍነሽ እኩል የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ። ቀኑ ሲቃረብ ኪሩ ጋ ራሳቸው ይደውላሉ፤ "ሰሞኑን ልጄን ሩቅ እንዳትልክብኝ፣ ሞጆ ይበቃዋል!" ኪሩም "እሺ አዴ" ከማለት በቀር ምን አማራጭ አለው?

በአምስተኛው ወር ግድም የወር አበባዋ ቀረ። ልጅቷ የተወለደችው መርዳሳ ቶጎ ውጫሌ ሳለ ነው፤ በስልክ ሲነግሩት መኪናውን ዳር አስይዞ ጥሩምባውን እየነፋ አለቀሰ። ሰው "ማንን ትመስላለች?" ሲል አዴ አበበች ሕፃኗን እያወዛወዙ ይመልሳሉ፤ "አባቷን ነው እንጂ! እስክትመጣ አስቸገረች፤ ከመጣች ደግሞ አታስተኛም።"