ለቅሶውን በስልክ የበተነው አባቴ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ለእኔና ለአባቴ ያደረገውን ለሰበታ ወገኖቼ ሳልናገር ወደ ቡራዩ አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁት። ድምፄ ከጮኸባችሁ ይቅርታ፤ ወፍጮ ቤት ነው ያደግሁት። ማይኩን ራቅ አድርጌ እይዘዋለሁ።

አባቴ ኦቦ ገመቹ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ነበረው። እናቴ ካረፈች በኋላ ሥራውን የያዝነው እሱና እኔ ነን፤ እሱ ይፈጫል፣ እኔ እመዝናለሁ። ዱቄት ለብሶ ሲዘምር ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ሰርግ ሲኖር ብቻ ነበር። «አባዬ፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት እግዚአብሔር ምን ይሰማሃል?» ስለው፣ «አንቺ ከሰማሽኝ እሱማ እንዴት አይሰማኝ!» ይለኛል። መልስ አያጣም፣ ጌታ ይባረክ! እንዴት እንደምወደው!

ከዚያ ሳንባውን ታመመ። ሲያስለው ከርሞ አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ። አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገባሁት፤ ኦክስጅን ተደረገለት፣ ዓይኑን ግን አልገልጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራኝና፣ «እህቴ፣ የምንችለውን እያደረግን ነው። ግን በጣም ደክሟል። ዘመድ ካላችሁ ጥሪ» አለኝ።

ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርቄ ደወልኩ። «አባዬ...» ከማለቴ ለቅሶ ቀደመኝ፤ ስልኩን ዘጋሁት። የእኛን ሰፈር ደግሞ ለሐዘን የሚቀድመው የለም! ወዲያው ዕድሩ ድንኳን ይዞ ወጣ። እኔ ግን ይህን አላወቅሁም።

አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። «የአባቴ አምላክ፣ እኔን አታውቀኝ ይሆናል፤ እሱን ግን ታውቀዋለህ። ካዳንክልኝ እከተልሃለሁ» አልኩ። ነጋዴ አይደለሁ? ተከራከርኩ! ግን ወገኖቼ፣ እያለቀስኩ ሳለ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ረጋ አለ፤ ያላሰብኩት ቃል ከአፌ ወጣ፦ «ብትወስደውም አልለቅህም።» በዚያች ሰዓት ዳንኩ። አባቴ ገና አልዳነም፤ እኔ ቀደምኩት። ሃሌሉያ!

ብዙም ሳይቆይ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። ዓይኑን ገልጦ፣ «ወፍጮውን ማን ይዞታል?» አለ። ክብር ለስሙ ይሁን! ወገኖቼ፣ እልል በሉልኝ!

እዚያው ሳለን ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ብርቄ ነች። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ የት ነው? የሰልስቱን ጤፍ ይዘን በር ላይ ቆመናል።»

«የማን ሰልስት?» አልኩ። አባቴ ሰምቷል፤ «ስጪኝ» አለኝ።

«ብርቄ፣ አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አላት በደከመ ድምፅ።

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ወፍጮ ቤታችን ደንብ አለው፤ የለቅሶ ቤት እህል ከመጣ ተሰላፊው ሁሉ ተራውን ይለቃል።

«ለቅሶው የማን ነው?» አላት።

«የ... ያንቱ ነበር፣ ኦቦ ገመቹ!»

«የእኔ ከሆነማ አልቸኩልም። ሌላውን አስቀድሙ፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ!»

ነርሷ ሳቀች፣ እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ሐኪሙ መጥቶ ደጋግሞ አዳመጠውና፣ «የሰጠነው ያንኑ መድኃኒት ነው፤ አሁን ሰውነቱ ተቀበለው» አለ። ያስቀበለውን እኔ አውቀዋለሁ! ያ ጤፍም ተፈጭቶ፣ አባቴ ቤት ሲገባ የምስጋና እንጀራ ሆኖ ተበላ። ከሁሉም በላይ የበላው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረ። ስጠመቅ ከፊት ቆሞ አጨበጨበልኝ። ባለፈው ክረምት ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ እጄን ይዞ አረፈ። «ታዲያ ሞተ አይደል? ምኑን ትመሰክሪያለሽ?» ያሉኝ አሉ። አዎ፣ ሞተ። ናፍቆቱ ያስለቅሰኛል። ግን ያን ቀን «ብትወስደውም አልለቅህም» ያልኩትን ጌታ፣ በወሰደው ቀንም አልለቀቅሁትም። እሱም አልለቀቀኝም። ስሙ ይባረክ!

ወገኖቼ፣ በእሱ ታመኑ። ከመካከላችሁ ዛሬ አባቱን ወይም እናቱን ሆስፒታል አስተኝቶ የመጣ ካለ፣ ጉባኤው ሲያበቃ ብቻውን እንዳይሄድ። በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።