የግራዋ ማር

አብተው የጅማ ገበያ የምግብ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ከጋይንት ሲመጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እዚያ በ1973 የካቲት ያደረገውን ግን እስካሁን እንደ ሕልም እያየ ይኖራል።

ሐሙስ ጠዋት ነው። የከተማው ኮሌጅ ታይፒስት መንበረ ከገበያው የገዛችውን ማር በብርጭቆ ይዛ መጣች።

«ጓድ አብተው፣ ይቅመሱት እስቲ! ማር ነው መድኃኒት?»

በጣቱ ጨለፈ። ጣፋጩ ቶሎ አለፈና መራራው ምላሱ ላይ ቀረ። በአገሩ ማር ነጭ ነው፤ መራራ ማር አያውቅም። መንበረን አስከትሎ ወደ ሻጯ ሄደ። ከሰኮሩ የምትመጣ ዙቤይዳ የምትባል ወጣት ነበረች።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ወላሂ ምንም! ኤቢቻ ነው፣ አበባው ነው።»

«የምን አበባ?»

«ግራዋ ነዋ!»

አብተው ሳቀ። ግራዋ እናቱ ጋን የምታጥብበት ቅጠል ነው።

«ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ እኔን ካላመንክ ንቡን ጠይቀው» አለችው።

ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። አብተው የተሳቀበት መሰለውና የማር ቆርቆሮዋን ቦይ ውስጥ አስደፋ።

ከሰዓት በኋላ በዚያ ሲያልፍ ቦዩ በንብ ተሸፍኖ አገኘው። የወርቅ ጭጋግ ይመስል ነበር። ቆሞ ቆየ። ንቦቹ ጠጥተው ይነሳሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። አንዲትም የሞተች የለችም።

በሚቀጥለው ሐሙስ የዙቤይዳ ቦታ ባዶ ነበር። የት እንዳለች ሲጠይቅ «ማን? መርዘኛዋ?» አሉት አጠገቧ የሚሸጡት።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሰኮሩ ወረደ። ኮረብታው እስከ ጫፉ ነጭ የግራዋ አበባ ለብሷል፤ አየሩ ራሱ ይዘምር ነበር። ዙቤይዳን አባቷ ከዛፍ ካወረዱት ቀፎ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት።

«ደግሞ ቀፎውን ልትደፋ መጣህ?»

«ልቀምስ ነው።»

ከቀፎው ቆርጣ ሰጠችው። ያው ነው፤ ያው መራራ።

«ሐሙስ ነይ» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ማን ይገዛኛል? ስሜን እኮ ነው ቦይ ውስጥ የደፋኸው።»

ሐሙስ ግን መጣች። አብተው ከጎኗ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው ከማሩ ጎረሰ።

«የግራዋ ማር ነው፣ ንጹሕ ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ስሕተቱን የሚናገረው በስብሰባ፣ ያውም ተገዶ ነበር።

«ግለ ሂስ ያለ ስብሰባ!» አለች መንበረ እየሳቀች። «እኔ ግን አሁንም አልገዛም፣ ይመረኛል።»

«አንቺ ተይው፣ ለኛ ይትረፈን» አሉ ሼህ ጠሃ የሚባሉ ሽማግሌ ማሰሯቸውን እየዘረጉ። «ጣፋጩ የልጆች ነው። ለሳል የሚሆነው ይኼ ነው።»

ዙቤይዳ ቀና ብላ አላየችውም፤ እየጨለፈች ነበር። አብተውም ወደ ወተት ተራ አለፈ። ገና ብዙ ሳይርቅ ከኋላው አንዲት ሴት ስትጣራ ሰማ።

«ዙቤይዳ! ኧረ ዙቤይዳ፣ ለኔም አስቀሪልኝ!»